ልብን የሚጠብቁ ባለሙያዎችን ስለ ማስተማር

ለአንድ አገር ከሀብት ሁሉ የሚበልጠው ሀብት የሕዝቡ ጤንነት መሆኑን ማንም አስተዋይ ሰው አይክደውም። እርሻም ንግድም፥ ትምህርትም አስተዳደርም የሚከናወኑት በጤነኛ ሰው ጕልበትና አሳብ ነውና፤ ሕዝቡ የታመመበት አገር መሬቱ ቢሰፋ፥ ወርቁም ቢበዛ ድኻ ከመባል አያመልጥም። ስለዚህ ሆስፒታል ሲሠራ፥ ሐኪምም ሲመረቅ ማየት ለሁሉም የሚያስደስት ነገር ነው። ነገር ግን የሕክምና ሥራ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የመጣውን በሽታ ማዳን ነው፤ ሁለተኛው በሽታው አስቀድሞ እንዳይመጣ፥ የዳነውም ሰው እንዳያገረሽበት መጠበቅ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ወገን፥ ይልቁንም ስለ ልብ በሽታ ነው።

የልብ በሽታ ጠግበው የሚያድሩ የባለጸጎች አገሮች በሽታ ነው ሲባል ብዙ ዘመን ኖሯል። ይህ አሳብ ግን እውነትነት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ በ2019 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በልብና በደም ሥር በሽታ 17.9 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ከሞተው ሰው ሲሶ ያህል ነው። ከእነዚህም ሟቾች ከአራት እጅ ሦስት እጅ የሚበልጡት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። እንግዲህ መከራው የጠነከረው በባለጸጎች ላይ ሳይሆን እኛን በመሰሉ ሕዝቦች ላይ መሆኑ ግልጽ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ በዚህ ላይ የሚጨመር ሌላ መከራ አለ። ሕፃን ልጅ ጕሮሮውን ሲታመም ብዙ ጊዜ ነገሩ ተንቆ ይታለፋል፤ ወይም እንጥሉን ለማስቈረጥ ወደ ባህል ሐኪም ይወሰዳል። የጕሮሮው ሕመም በአንዳንዱ ሕፃን የሩማቲክ ትኩሳት የተባለውን በሽታ ያስከትላል፤ ትኩሳቱም ሲመላለስ ደምን የሚያሳልፉትንና ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉትን የልብ በሮች፥ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸውን፥ ያበላሻል። ለጕሮሮው ሕመም መድኃኒቱ ዋጋው ቀላል የሆነ ፔኒሲሊን ነው። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ የያዘውም ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ አንድ መርፌ ለብዙ ዓመታት ቢወጋ ልቡ ከሌላ ጉዳት ይጠበቃል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ የልቡ በር ከተበላሸ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ የሚያድነው በብዙ ገንዘብና በጥቂት ሊቃውንት እጅ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው።

ይህን ችግር አስተውለው የደከሙ ሰዎች አልታጡም። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት በ1989 ዓ.ም. ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ የተቋቋመው ማኅበር፥ በ2009 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ለመክፈት በቅቷል። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የሩማቲክ የልብ በሽታን ከአፍሪካ ለማጥፋት መደረግ የሚገባውን የሚያመለክት መግለጫ አውጥተዋል። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ በሽታ ላይ ውሳኔ አሳልፏል። እንግዲህ ውሳኔውም መግለጫውም አለ፤ የቀረው ይህን በየሆስፒታሉና በየወረዳው ዕለት ዕለት የሚፈጽም የተማረ ሰው ነው።

ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ነገሩ ያለቀ የሚመስለው ብዙ ነው። ሆኖም የሚከብደው ጊዜ የሚጀምረው በዚያን ዕለት ነው። ከብረት የተሠራ የልብ በር የተተከለለት ሕመምተኛ ደሙ በብረቱ ላይ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይወስዳል። መድኃኒቱ ከመጠን ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛም ደም ይፈሳል፤ ስለዚህ ደሙ በየጊዜው መመርመር አለበት። ጐመንና ሌላው ቅጠላ ቅጠል ደግሞ የዚህን መድኃኒት ኀይል የሚያደክም ነገር በውስጡ አለ። በፍስክ ወራት ጐመን እምብዛም የማይበላ ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ ዕለት ዕለት ጐመን ቢመገብ፥ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንደ ወትሮው እየወሰደ ሳለ ደሙ ሊረጋበት ይችላል። ይህም ማለት ጐመን አይብላ፥ ወይም አይጹም ማለት አይደለም፤ የሚበላው መጠን በአንድ ጊዜ እንዳይለዋወጥ፥ የጾሙም ወራት ሲቃረብ ደሙ ተመርምሮ የመድኃኒቱ ልክ እንዲታይለት ነው። ይህን የሚነግረው ሰው ካላገኘ፥ በብዙ ድካም የተተከለው የልብ በር ባልታሰበ ቀን ከንቱ ይሆናል። ሕመምተኛው እናት ለመሆን የደረሰች ሴት ስትሆን ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል፤ መድኃኒቱ በማኅፀን ያለውን ፅንስ ሊጐዳ ይችላልና፥ ከመፅነሷ በፊት የሚመክራት ባለሙያ ሊኖራት ይገባል።

ከዚህ የተነሣ በሌሎች አገሮች የልብ በሽታን መከላከልና የልብ ሕሙማን ተሐድሶ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆኗል። ይህ ትምህርት በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ዊልያም ሄበርደን የተባለው የ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ሐኪም፥ የደረት ሕመም የነበረበት አንድ ሰው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል እንጨት በመጋዝ እየቈረጠ ለመዳን እንደ ተቃረበ ጽፎ ነበር። የእርሱ ቃል ግን ብዙ ዘመን ተዘንግቶ፥ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድንገተኛ የልብ ሕመም ያገኘው ሰው ሳምንታት ሙሉ ከአልጋ እንዳይነሣ ይታዘዝ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የአሜሪካ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን ከአልጋ አንሥተው በወንበር ማስቀመጥ እንደሚሻል አስታወቁ። በ1955 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በልብ ሕመም በወደቁ ጊዜ ሐኪማቸው ፖል ዳድሊ ኋይት ቀስ በቀስ ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሥራ እንዲመለሱ መከሯቸው፤ እርሳቸውም በሚከተለው ዓመት እንደ ገና ተመረጡ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በዳላስ ከተማ አምስት ጤነኞች ጐልማሶች ሦስት ሳምንት ሙሉ በአልጋ ላይ ተኝተው የሰውነታቸው አቅም ተመዘነ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች ሲመረመሩ፥ የሦስት ሳምንት መተኛት የቀነሰባቸው አቅም የ30 ዓመት ዕድሜ ከቀነሰባቸው በልጦ ተገኘ። እንግዲህ በልክ የታዘዘ እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒት የሚቈጠር መሆኑ በዚህ ይታወቃል፤ እንደ መድኃኒትም መጠኑን የሚያውቅ አዛዥ ያስፈልገዋል።

በመከላከል በኩልም እንዲሁ ነው። በ1948 ዓ.ም. በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ የተጀመረው ምርመራ የደም ግፊት፥ ትምባሆና በደም ውስጥ የሚበዛ ስብ ለልብ በሽታ መንገድ ጠራጊዎች መሆናቸውን ለዓለም ገለጸ። በፊንላንድ ሰሜን ካሬሊያ በምትባለው አውራጃ ብዙ ወንዶች በጕልምስናቸው ሳሉ በልብ በሽታ ይሞቱ ስለ ነበር፥ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዶክተር ፔካ ፑስካ መሪነት ሕዝቡ ቅቤና ጨው እንዲቀንስ፥ ትምባሆም እንዲተው በየመንደሩ ማስተማር ተጀመረ። ሥራው የተሠራው በሆስፒታል ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ የሴቶች ማኅበራት፥ ዳቦ ጋጋሪዎችና የወተት ፋብሪካዎች ጭምር ተባበሩ። ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ሲታይ ለሥራ በደረሱ ወንዶች ላይ የነበረው የልብ በሽታ ሞት ከመቶው ከ80 እጅ በላይ ቀንሶ ተገኘ።

ይህን ሁሉ እውቀት በአንድነት ሰብስቦ የሚያስተምር የድኅረ ምረቃ ትምህርት በለንደን በኢምፔሪያል ኮሌጅ፥ በአየርላንድም በጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ተሰጥቷል። ወደዚህ ትምህርት የሚገቡት ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ ነርሶች፥ የፊዚዮቴራፒና የሥነ ምግብ ባለሙያዎችም ከሐኪሞች ጋር በአንድ ወንበር ይማራሉ። የሕመምተኛውን አቅም መዝኖ እንቅስቃሴን በልክ ማዘዝን፥ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን መቈጣጠርን፥ ትምባሆ ማስተውን፥ ልማዱን ሊለውጥ የሚታገል ሰው የሚመከርበትን ዘዴ፥ የሥራውንም ፍሬ በቍጥር መመርመርን ያጠናሉ። በ2008 ዓ.ም. ውጤቱ በታወቀውና በ8 የአውሮፓ አገሮች በተደረገው ጥናት፥ በነርስ አስተባባሪነት ሕመምተኛውን ከነቤተሰቡ የያዘ አገልግሎት ከተለመደው አሠራር ይልቅ የሰዎቹን አመጋገብ፥ እንቅስቃሴና የደም ግፊት እንዳሻሻለ ታይቷል።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንመለስ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይህን ትምህርት በአገር ውስጥ፥ በራሳችን ሕመምተኞች ላይ እንዲያስተምሩ ያስፈልጋል። ከውጭ የሚመጣው መጽሐፍ ስለ ዐቢይ ጾም ጐመን አይናገርም፤ መርፌውን ለማግኘት ረጅም መንገድ በእግሩ ስለሚሄድ ሕፃንም አይጽፍም። ነገር ግን ትምህርቱን መክፈት ብቻውን አይበቃም። ተመራቂው ወደ ሆስፒታሉ ሲመለስ የሥራ መደብ፥ የሚሠራበት ክፍልና የታወቀ ኀላፊነት ካልጠበቀው፥ ዲግሪው በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ እርሱም ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፥ ወይም አገር ለቆ ይሄዳል። ስለዚህ እኛ የምንለው ትምህርቱና መደቡ በአንድ ቀን ይወሰኑ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ ሆስፒታል ተልኮ፥ ለዚያው ሆስፒታል ሊያገለግል ውል ገብቶ፥ የሚመለስበትም ቦታ አስቀድሞ በበጀት ተይዞ ይማር።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፥ የልብ ቀዶ ሐኪም ራሱ ሳይበቃን፥ ሕፃናትም ተራ እየጠበቁ ሳለ፥ ለመከላከል ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚል ነው። ይህ አነጋገር ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ሆነ አይናቅም። ነገር ግን ምንጩ ሳይደፈን ውኃውን ብቻ የሚቀዳ ሰው ድካሙ ማለቂያ የለውም። ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት ቍጥር የሚቀንሰው መርፌው በጊዜ ሲደርስ ነው፤ የቀዶ ሐኪሙም ሥራ የሚጸናው ከእርሱ በኋላ የሚጠብቅለት ሲኖር ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ የመሣሪያ እጥረት ነው። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግን 30 ሜትር የሚሆን መተላለፊያ፥ አንድ ሰዓት፥ አንድ የደም ግፊት መለኪያና የሠለጠነ ዐይን ነው፤ ሕመምተኛው በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚሄደው ርቀት ስለ አቅሙ ብዙ ነገር ይናገራልና። የደም መመርመሪያና ለድንገተኛ አደጋ የሚሆን ዕቃም ቢጨመር፥ ከአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ወጪ ጋር የሚተካከል አይደለም።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሠማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ሥራ የተዘረጋ መንገድ ናቸው። የድኅረ ምረቃውን ትምህርት የጨረሰ አንድ ነርስ በአውራ ሆስፒታል ተቀምጦ እነርሱን ቢያስተምር፥ የአንድ ሰው እውቀት በብዙ መንደር ይዘራል። መርፌውን ያቋረጠ ሕፃን በመዝገብ ታይቶ በቤቱ ይፈለጋል።

ካህናቱም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ሕዝባችን የንስሐ አባቱን ቃል ከብዙ ሰው ቃል አብልጦ ይሰማል። ልጁ የዳነ መስሎት መርፌውን የሚያስቀር አባት፥ ጸበል እየተጠመቀ ያለ መድኃኒቱን የሚተው ሕመምተኛ፥ መድኃኒትን ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ ሕይወትን እንደሚያሳጣ ከንስሐ አባቱ አፍ ቢሰማ ቶሎ ይቀበላል። ጾም ለሕመምተኛ ስለሚቀልበት ሥርዓትም ሊቃውንቱ ከሐኪሞቹ ጋር ቢመካከሩ፥ ሕመምተኛው በሃይማኖቱና በጤናው መካከል ተጨንቆ አይቀርም። ትምህርቱ ሲዘጋጅም ከሊቃውንቱ የሚጠየቅ ቢኖር መልካም ነው።

በመጨረሻም የጤና ሚኒስቴርና የትምህርት ሚኒስቴር ሹማምንት፥ የዩኒቨርሲቲዎችም መሪዎች የሚመጣውን ዓመት የትምህርት ቦታና በጀት ሲያከፋፍሉ፥ ልብን ለሚቀዱ ሐኪሞች በሚመደበው አጠገብ ልብን ለሚጠብቁ ባለሙያዎች የሚሆን ቦታና መደብ አብረው እንዲያስቡ በአክብሮት እናሳስባለን። አንድ ሕፃን ከሞት ተርፎ ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ደስታው የሁላችን ነው፤ ያ ደስታ ወር ሳይሞላው ወደ ኀዘን እንዳይለወጥ መጠበቅም የሁላችን ግዴታ ነው።