ለአዲስ ሹፌር ዋስ ከመፈረማችን በፊት



ባለፉት ጥቂት ወራት ወደ ማኅበራችን ቢሮ ብቅ ያሉ ብዙ ሰዎች ያመጡት ጉዳይ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም የዋስትና ጉዳይ ነው። የእገሊት ልጅ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ አንድ ባለመኪና ሊቀጥረው ፈቅዷል፤ ነገር ግን ዋስ አምጣ ብሎታል። እናት ነጠላዋን አስተካክላ ጎረቤት ደጃፍ ትቆማለች። ጎረቤትም እምቢ ማለት ያሳፍረዋል። ቡና ይፈላል፣ ልጁ ይመረቃል፣ ወረቀቱ ይፈረማል። ወረቀቱ ምን እንደሚል ያነበበ ሰው ግን ስንት ነው?

ልጆቻችን ሹፌር መሆናቸውን አንጠላም። እንዲያውም ሐዋሳ የመንገድ ከተማ ናት፤ ከሞጆ ወደ ሞያሌ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጣ የሲዳማና የይርጋ ጨፌን ቡና ወደ ላይ ስታሳልፍ የኖረች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ማየት ብርቅ አይደለም። ቅሬታችን ሌላ ነው። ልጆቻችን የመጀመሪያ ቀጣሪያቸውን የሚመርጡት «ማን ቶሎ እሺ አለኝ» በሚል ብቻ መሆኑ ነው።

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ስም መጥራት አያስፈልግም። ልጁ መንጃ ፈቃዱን ባወጣ በወሩ ኢሱዙ ያዘ። ክፍያው በወር ሳይሆን በጉዞ ነበር፤ ወረቀትም አልነበረውም። ሌሊት እየነዳ ጠዋት ሲመለስ ኪሱ ሞልቶ ስናየው እኛም «ጎሽ» ብለን ነበር። እውነቱን መናገር አለብን። ፍሬኑ እንደሚያንሸራትት ለባለመኪናው ሁለት ጊዜ ነግሮታል፤ «በሚቀጥለው ጉዞ እናሠራዋለን» ነው የተባለው። በሦስተኛው ወር ቁልቁለት ላይ መኪናው አምልጦት ገደል ጫፍ ላይ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልሞተም። ጭነቱ ግን ተበላሸ፣ ስፖንዳና ካቢና ተጨማደደ፤ ባለመኪናውም ልጁን ትቶ ዋስ ወደ ሆኑት ጎረቤታችን መጣ። እኒህ ሰው በጡረታ የሚኖሩ አባት ናቸው።

ልጁን ለብቻው መውቀስ ቀላል ነበር። እኛ ግን አንወቅሰውም። ደኅና የሚባሉት ድርጅቶች በራፋቸው ላይ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» ብለው ይለጥፋሉ። ልምድ የሌለው ልጅ ታዲያ ልምዱን ከየት ያምጣ? ያለ ልምድ የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ ልምድ ያለው ሹፌር ጥሎት የሄደ ባለመኪና ነው። ስለዚህም ወጣቱ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ትከፍለኛለህ» ሳይሆን «ከእኔ በፊት የነበረው ሹፌር ለምን ለቀቀ» የሚለው ነው። መልሱን ከባለመኪናው አይጠብቅ። ማታ መኪኖች ወደሚያድሩበት ሄዶ ከሹፌሮቹና ከረዳቶቹ ጋር ሻይ ይጠጣ፤ ሁሉንም ይነግሩታል፣ ሳይጠየቁም ጭምር።

ድሮ ሹፌር የሚሆነው ሰው መጀመሪያ ረዳት ነበር። ፊያት 682 ይነዱ የነበሩ አባቶቻችን በመጀመሪያ ታኮ ይዘው ከጎማ ኋላ ሮጠዋል፣ ጎማ ፈተዋል፣ ባሌስትራ ሲሰበር ዝናብ ላይ አድረዋል። ዓመታት አልፈው መሪ ሲጨብጡ የመኪናውን ድምፅ ያውቁት ነበር። ያ ዘመን ጭቆናም ነበረበት፤ ረዳት የሚደበድብ ሹፌር ሞልቶ ነበርና አናሞግሰው። ነገር ግን ጭነት ያለው መኪና ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ እንደማይያዝ የሚማሩት ከጎናቸው ከተቀመጠ ሰው ነው። የዛሬ ልጆቻችን ግን ከማሠልጠኛ ወጥተው፣ ጭነት ያለበት መኪና አንድ ቀን ሳይነዱ፣ ብቻቸውን ሌሊት ይላካሉ።

በከተማችን ለጀማሪ የሚገኘው ሥራ ሁሉ እኩል አይደለም። ጫት የሚጭነው ኢሱዙ ጥሩ ይከፍላል፤ ይሁንና ጫት ከጠወለገ ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ የሚከፈለው ለፍጥነት ነው። ሕዝቡ እነዚህን መኪኖች «አልቃይዳ» ብሎ የጠራቸው በከንቱ አይደለም። አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሰው ሲኖም በቢያጆ የሚከፈልበት ከሆነ ያው ነው፤ ሹፌሩ ምሳውን ትቶ አንድ ቢያጆ ይጨምራል። የጅቡቲ መስመር ለጀማሪ ይቅር እንላለን። አፋር በረሃ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ብቻውን ምን ያደርጋል? መንገድ ሲዘጋስ፣ ነዳጅ ሲጠፋስ፣ ለቆመባቸው ቀናት አበሉን ማን ይከፍለዋል? በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያው ዓመት የሚሻለው በከተማና በዙሪያዋ ለስላሳ፣ ቢራ፣ ዱቄት የሚያከፋፍል፣ በወር ደመወዝ የሚከፍል፣ ማታ ቤቱ የሚመልሰው ሥራ ነው። ገንዘቡ ያንሳል፤ አዎ፣ አንዳንዴ ግማሽ ነው። ልጆቹ ይህን ስንነግራቸው ይስቃሉ።

የማይሳቅበት ግን ወረቀቱ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ገና ሙከራ ላይ ነህ» እያሉ ስድስት ወር ማቆየት የለም። በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጠው ከሲሶው መብለጥ አይችልም፤ ስለሆነም ለፈነዳ ጎማ የወሩን ደመወዝ በሙሉ የሚወስድ ባለመኪና ሕግ ይጥሳል። ሥራ ሲለቅም ልጁ ከጠየቀ ምን ሥራ፣ ስንት ጊዜ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። እንዲህ በስርዓቱ የሚያስመዘግብ አሠሪ ዘንድ ሁለት ዓመት የቆየ ልጅ «ልምድ አለህ ወይ» ሲባል የሚያሳየው ነገር አለው። በእጅ እየተቀበለ አምስት ዓመት የነዳ ልጅ ግን በወረቀት ሲታይ ዛሬም ጀማሪ ነው።

መኪናውም ይታይ። ቦሎው የዘንድሮ ነው? የሦስተኛ ወገን መድን አለው? ጎማው መላጣ ነው? ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑን ሞክሮ «ይህ አይወጣም» ቢል ይሰማዋል ወይስ ይባረራል? ይህን ቢያንስ ከመቀጠሩ በፊት መጠየቅ ነውር አይደለም። ሰው ሲገጭ ባለመኪናው ካሣ ሊከፍል ይችላል፤ ወህኒ የሚወርደው ግን ሹፌሩ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ወደ ዋሶቹ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋስትና የሚጸናው ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በግልጽ ሲጻፍ ነው ይላል። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኀላፊ ነኝ» ብሎ መጠን የሌለው ወረቀት ይዞ የሚመጣ ባለመኪና ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ እኛ እንደማናውቅ ያውቃል። እኒያ የተከሰሱት ጎረቤታችን የፈረሙትም እንዲህ ያለውን ነበር፤ ክርክሩ በዚሁ ነጥብ ላይ እስካሁን አላለቀም። ደግሞም ዋስ መሆን መብት ይሰጠናል ብለን እናምናለን። ቤታችንን ልናስይዝለት ከሆነ፣ ልጁ የት እንደሚሠራ፣ ሌሊት እንደሚነዳ እንዳይነዳ፣ ከጎኑ ማን እንደሚቀመጥ መጠየቅ እንችላለን። ባለመኪናው «ምን አገባችሁ» ካለ እስክሪብቶውን መልሱለት። እናቲቱ ለጊዜው ትቀየም ይሆናል። ትቀየም።

በመሆኑም ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ማክሰኞ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ የማኅበሩ ቢሮ ክፍት ይሆናል። ዋስ ሁኑ የተባላችሁ ወረቀቱን ሳትፈርሙ ይዛችሁ ኑ። ልጁም የሥራ ውሉን ይዞ ይምጣ፤ ውል ካልተሰጠው ያንኑ ይንገረን። በሰፈራችን ለብዙ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሁለት ጋሼዎች አብረውን ተቀምጠው ለማንበብና መኪናውን ወርደው ለማየት ፈቅደዋል። ሻይ አለ፤ ስኳር ግን የየራሳችሁን አምጡ።