ረኃብ ቀጠሮ አያከብርም



ምግብ ቤታችን አንድ ቀን ምሳ ሳያቀርብልን ቢውል ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳሕን እያንኳኳን ግቢውን እናናውጠዋለን። የመምህራን ደመወዝ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ሌላ ወሬ አይወራም። የድኻ ገበሬ ክፍያ ሁለት ወር ሲዘገይ ግን «ታገሡ፤ ዘገየ እንጂ አልቀረም» ይባላል። ለመሆኑ ሆድ ትዕግሥትን ከየት ይማራል?

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ዓላማው ግልጽ ነበር። ረኃብ በመጣ ቁጥር ለልመና ከመሯሯጥ ይልቅ፥ ችግር የጸናበት ቤተ ሰብ የታወቀ ድጋፍ በታወቀ ጊዜ እንዲደርሰው፤ ያለችውንም ጥሪት ሸጦ ባዶ እጁን እንዳይቀር ነው። መሥራት የሚችለው እርከን ሊሠራ፥ መንገድ ሊጠርግ፤ አቅም ያጣው ደግሞ ያለ ሥራ ሊቀበል ተደነገገ። እንግዲህ የፕሮግራሙ ነፍስ እህሉና ብሩ ብቻ አይደለም፤ ቀኑም ነው።

የሚያዝያው ክፍያ በሐምሌ ሲመጣስ? አንዲት እናት መጀመሪያ በዱቤ ትበላለች፤ ዱቤው ሲዘጋባት ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ትቆማለች፤ በመጨረሻም ፍየሏን ገበያ ታወጣለች። ገንዘቡ ሲደርስ የሚገባው ከአበዳሪው ኪስ ነው። ፍየሏን እንዳትሸጥ የተመደበው ገንዘብ ፍየሏን አሽጦ መጣ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አንዳንድ ምሁራን «ሕዝቡ ጠባቂ ሆነ» ይሉናል። ድንጋይ ፈልጦ እርከን የሠራ ሰው ዋጋውን ቢጠይቅ ለማኝ ሳይሆን ባለ ገንዘብ ነው። እርሱ ጉልበቱን ያለ ወለድ አበድሮ፥ ራሱ በአራጣ ይበደራል።

ጥፋቱ የአንድ ጸሓፊ ስንፍና ብቻ አይደለም። የሥራ ቀን መዝገቡ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ የክፍያ ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ገንዘቡም በየደረጃው ይወርዳል። በመካከል አንድ ፊርማ ሲጓደል ጾሙን የሚያድረው ከመጨረሻው ያለው ነው። መዘግየቱ ያዘገየውን ሰው የሚያስርብ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በቆመ!

ማዘን ብቻ አይበቃም። ብዙዎቻችን የዚያው ባላገር ልጆች ነን። ለዕረፍት ስንሄድ የሥራውን ቀንና የክፍያውን ቀን ጎን ለጎን እንመዝግብ። ፕሮግራሙ በቀበሌ ደረጃ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለው፤ መጻፍ ለማይችለው አቤቱታውን እንጻፍለት፤ ቀን እናስፍርበት፤ ግልባጩንም ለባለ ጉዳዩ እናስቀርለት። የሕግና የሒሳብ መምህራን ሆይ፥ አቤቱታው እንዴት እንደሚጻፍ፥ መዝገቡም እንዴት እንደሚመረመር አስተምሩን።

የማኅበራችንም ጥያቄ አንድ ይሁን፤ የክፍያው ቀን አስቀድሞ በቀበሌው በር ይለጠፍ፤ ቀኑ ካለፈ ምክንያቱ ለባለ መብቱ በአደባባይ ይነገር።

ነገ የእኛ ምሳ በሰዓቱ ይቀርባል። የእነርሱስ?