ከፍላጻው ይልቅ ሰሌኑ

ስለ ሚክስቴኮች የሥዕል መጻሕፍት በተነሣ ቁጥር ስምንት አጋዘን የሚባል ንጉሥ ስም ይነሣል። በደቡብ ሜክሲኮ፣ ዛሬ ኦዋሃካ በሚባለው ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1063 ተወልዶ ደጋውንም የባሕሩንም ዳርቻ በክንዱ ያስገበረ ጀግና ነው ይባላል። መጻሕፍቱም የዘመቻው ዜና መዋዕል ተደርገው ይቀርባሉ። ይህ አባባል ምንም ያህል ቢለመድ ስሕተት ነው። እነዚህ መጻሕፍት ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን አግብቶ አልጋ እንደያዘ የሚመሰክሩ የውርስ ማስረጃዎች ናቸው። ጦርነት የሚገባባቸው የዘር ሐረጉ ሲበጠስ ወይም ሲያጠራጥር ነው።

ተመራማሪው አልፎንሶ ካሶ በ1949 የቴኦሳኮአልኮን ካርታ መነሻ አድርጎ መጻሕፍቱ የሚክስቴክ ነገሥታትን ትውልድ እንደሚቆጥሩ አሳይቷል። ስለዚህ የአማልክትና የከዋክብት ተረት ናቸው ወደሚለው አሮጌ ክርክር አልመለስም። የሚገርመኝ ከካሶ በኋላም ዓይናችን ጦሩ ላይ ተተክሎ መቅረቱ ነው።

ገጹን ቀረብ ብለን እንየው። የአጋዘን ቆዳ ነጭ ልባስ ተቀብቶ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፤ ቀይ መስመሮች የንባቡን አቅጣጫ ይመራሉ። ወንድና ሴት በሰሌን ላይ ወይም በቤተ መንግሥት ውስጥ ፊት ለፊት ከተቀመጡ ተጋብተዋል። ልጆቻቸው በየተወለዱበት ቀን ስም ይከተላሉ፤ ስሙም የሚወጣው ከ260 ቀኑ አቆጣጠር ነው። ለሙሽራይቱ ስሟ፣ አገሯ፣ ብዙ ጊዜም ወላጆቿ ይጻፉላታል። ድል የተነሣው አገር ግን ፍላጻ የተሰካበት ኮረብታ ሆኖ ይሣልና ያበቃል። ስንት ሰው እንደሞተ፣ ውጊያው እንዴት እንደዋለ ሠዓሊው አይነግረንም። ጦርነት ዋናው ጉዳዩ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይቆጥበው ነበር?

ታዲያ ለስምንት አጋዘን ያ ሁሉ ገጽ ለምን ተሰጠ? መልሱ ያለው በአባቱ ነው። አባቱ አምስት አዞ የቲላንቶንጎ መንግሥት ታላቅ ካህን እንጂ ንጉሥ አልነበረም። ሕጋዊው ንጉሥ ሁለት ዝናብ በ1096 ወራሽ ሳይተው ሞተ። ስምንት አጋዘን በባሕሩ ዳርቻ ቱቱቴፔክን ቢይዝም በዘር ለቲላንቶንጎ አልጋ አይበቃም ነበር። በ1097 አራት ጃጓር ከተባለ የሩቅ አገር ገዥ ጋር ወዳጅነት መሥርቶ የንግሥና ጌጥ ለማግኘት አፍንጫውን አስበሳ። ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱ በሆነው፣ ናታል በሚባለው ኮዴክስ ጋደም ብሎ፣ ካህኑ በሹል አጥንት አፍንጫውን ሲበሳው ይታያል። ሠዓሊው ለዚህች ቅጽበት የሰጠውን ቦታ ለየትኛውም ኮረብታ አልሰጠም፤ በትውልድ ያልተገኘው መብት በሥርዓት የተተካው እዚህ ላይ ነውና።

በ1100 ወንድሙ አሥራ ሁለት እንቅስቃሴ ተገደለ። በዓመቱ ስምንት አጋዘን አሥራ አንድ ነፋስ በተባለ ገዥ ከተማ ላይ ዘመተ። አሥራ አንድ ነፋስና ሚስቱ ስድስት ጦጣ ሞቱ፤ የአሥራ አንድ ነፋስ ልጆች አሥር ውሻና ስድስት ቤት ተሠዉ። ትንሹ ልጅ አራት ነፋስ ግን ተረፈ። ደም ብቻ ቢሆን ነገሩ እዚህ ባለቀ። ስምንት አጋዘን ግን በ1103 አሥራ ሦስት እባብን፣ የገደለውን የአሥራ አንድ ነፋስን ልጅ፣ አገባ። በ1115 ደግሞ ያ የተረፈው ልጅ ደሙን መለሰና ስምንት አጋዘንን አስገደለ፤ እሱም በተራው የሟቹን ልጅ አሥር አበባን አገባ። ሁለቱም ገዳዮች የገደሉትን ሰው ሴት ልጅ ያገቡት በአጋጣሚ አይደለም። ጦር ጠላትን ያስወግዳል፤ ለሚወለደው ልጅ መብት የሚሰጠው ግን ጋብቻው ነው።

በናታል ድል የተነሡ አገሮች ገጽ በገጽ ተደርድረዋል የሚሉ አሉ። ተደርድረዋል፤ ግን የሚቆጠሩት የዘር መብት ለጎደለው ሰው ነው፤ የተቆጠሩትም ስለጎደለው ነው። ነገሥታት ያስጻፉት ሁሉ ውዳሴ ነው፣ አይታመንም የሚለውም ብዙ አያስኬድም። የተለያዩ አገሮች መጻሕፍት በዋና ዋናዎቹ ስሞችና ጋብቻዎች ላይ ይገጥማሉ።

ሴልደን የተባለው የሃልቴፔክ ኮዴክስ ጦርነቱ ከጋብቻ ጋር መያያዙን አጉልቶ ያሳያል። ከላይ የተጠቀሰችው ስድስት ጦጣ ከአሥራ አንድ ነፋስ ጋር ለምትፈጽመው ጋብቻ በሰው ጀርባ ታዝላ ስትጓዝ ሁለት ገዥዎች ይሰድቧታል፤ ከአፋቸው የሚወጣው ቃል በጫፉ ላይ የድንጋይ ቢላ ተሥሎበታል። እሷም ዘምታ ትማርካቸዋለች፤ ሰርጓም ይቀጥላል። ጦርነቱ የተቀሰቀሰው በሙሽራ መንገድ ላይ ነው።

በእኔ እምነት ሚክስቴኮች ጦር የመዘዙት ለመሬት ሳይሆን ለዘር ነው። ይህን ማጋነን ነው የሚል ሰው የሴልደንን መጨረሻ ይመልከት። መጽሐፉ የተጠናቀቀው ስፔኖች አገሩን ከያዙ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። በዚያች ምድር ከደረሰው ሁሉ የከፋው ወረራ ግን በገጾቹ ላይ አልተሣለም። የሃልቴፔክ የዘር ሐረግ አልተቋረጠምና ሠዓሊው ባልና ሚስቱን፣ ልጆቻቸውን፣ የልጆቻቸውን ጋብቻ መቁጠሩን ቀጥሏል።