በረንዳው ዘጠኝ ኩንታል ይችላል ወይ?

ወገን፣ እስኪ ልጠይቃችሁ። ታሪካዊ ቤት ስትጎበኙ የረገጣችሁትን ወለል አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔም አላይም ነበር። ክረምቱ እንደወጣ የአቃቂ የሰፈር ልጆች ብር አዋጥተን፣ ሚኒባስ ተከራይተን፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ያለ የድሮ መኳንንት ቤት ልናይ ሄድን። የእንጨት በረንዳ ያለው ፎቅ ቤት ነው። አሥራ አምስት ሆነን በረንዳው ላይ ለፎቶ ተደረደርን። ባንዲራ ዘርግተን "አንድ፣ ሁለት..." ስንል ጣውላው ቀጭ አለ። የአንዱ ጓደኛችን እግር እስከ ጉልበቱ ሰመጠ። ፈጣሪ ጠብቆት በጭረት ተረፈ።

ጠባቂው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ማን ውጡ አላችሁ?"

ማን አትውጡ አለን?! ቲኬት ቆርጠን ነው የገባነው። አንድ ማስታወቂያ፣ አንድ ገመድ እንኳ አልነበረም።

የተማርኩት ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው። ሥራ የለኝም፣ ሒሳብ ግን አልረሳሁም። አንድ ሰው 60 ኪሎ ብንል 15 ሰው 900 ኪሎ ነው። ዘጠኝ ኩንታል! በበሰበሰ በረንዳ ላይ ዘጠኝ ኩንታል ጤፍ የሚጭን ነጋዴ አለ? የሰው ልጅ ሲሆን ግን ዝም ይባላል።

እነዚህ ቤቶች በብዛት የእንጨትና የጭቃ ሥራ ናቸው። ቆርቆሮው ሲያፈስ ውሃው ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋል። ወለሉን የተሸከመው እንጨት ጫፉ እዚያው የተቀበረ ስለሆነ ሳይታይ ይበሰብሳል። ምስጡም የሚበላው ከውስጥ ነው። ላዩ ቀለም ተቀብቶ ያምራል፣ ውስጡ ዱቄት ሆኗል።

"ይህን መናገር ቅርስን ማጥላላት ነው" የሚሉ አሉ። ውሸት ነው! ጅማ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ሐረር ጀጎል ያለው የራስ ተፈሪ ቤት፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ሁሉም የሰው መኖሪያ ነበሩ። ሲሠሩ አውቶቡስ ሙሉ ጎብኚ ይወጣባቸዋል ተብሎ አልታሰበም። ጎብኚውን የሚጥል ወለል ቤቱንም ይዞት ይወርዳል። ሁለቱን የሚያድነው ያው አንድ ጥገና ነው።

ብራዚልን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የንጉሣውያን ቤተ መንግሥት የነበረው ብሔራዊ ሙዚየማቸው ነደደ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ በአቅራቢያው የነበሩት ቧንቧዎች ውሃ አልነበራቸውም። ታሪካችን ብለው የሚኮሩበት ቤት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። እኛስ ስንቱ ሙዚየማችን በር ላይ የሚሠራ የእሳት ማጥፊያ አለ?

ሕግ የለም እንዳትሉ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው እንዲጠብቀውና እንዲንከባከበው ያስገድዳል። የጎደለው ሠሪ ነው። ሠሪው ደግሞ ተመርቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል! በየዓመቱ አንድ መሐንዲስ ወለሉን ይፈትሽ፣ ፎቅ ላይ ስንት ሰው እንደሚወጣ በር ላይ ይጻፍ፣ የተጎዳው በገመድ ይዘጋ። ይህ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም።

እኛ የአቃቂ ልጆች የፋብሪካ ልጆች ነን። ፋብሪካ በር ላይ "ቅድሚያ ለደህንነት" የሚል እያነበብን ነው ያደግነው። ለማሽን የሚጠነቀቅ አገር ለአያቶቹ ቤት እንዴት አይጠነቀቅም?

ጥፋቱ የነሱ ብቻ አይደለም፣ የኛም አለበት። ስለዚህ ስትሄዱ፦
👉 ፎቅ ከመውጣታችሁ በፊት "ስንት ሰው ይችላል?" በሉ። መልስ ከሌለ አትውጡ።
👉 ምስማር የተመታበትን መስመር ርገጡ፣ ተሸካሚው እንጨት ከሥሩ ነው። ወለሉ ካረገረገ ተመለሱ።
👉 የበረንዳውን መደገፊያ አትደገፉ። የቡድን ፎቶ መሬት ላይ!
👉 ሻማና ሲጋራ አታስገቡ፣ መውጫውን ቀድማችሁ እዩ።
👉 የተሰበረ ካያችሁ ፎቶ አንሱና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም በጽሑፍ አስገቡ።

አገር መውደድ ባንዲራ ይዞ በረንዳ ላይ መቆም ብቻ አይደለም። በረንዳው እንዳይወድቅ መጮህም ነው።

ሼር አድርጉት፣ ለሚመለከተው ይድረስ!