ላም አለኝ በሰማይ፦ ከተማው የማያየው የከተማ ቡድን

«የከተማ ክለብ» የሚለው ስያሜ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ቢገኝ ባለዕዳው እሆናለሁ። ሐዋሳ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ እያልን እንጠራለን። በጎንደር ደግሞ ፋሲል ከነማ አለ፤ «ከነማ» ሲዘረዘር የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ስሙ የባለቤትነት ስም ነው። ከተማው ቡድን አለው፣ ቡድኑም ከተማ አለው እንደ ማለት ነው። እንግዲያው ቡድኑ በገዛ ከተማው የማይጫወት፣ ነዋሪውም በገዛ ዐይኑ የማያየው ከሆነ ለስሙ የቀረለት ትርጉም ምንድን ነው? አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ሀብት ይመስለኛል።

ጉዳዩን በቅርብ ለማይከታተል አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. በዘለቁት አምስት የውድድር ዘመኖች የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ እንደ ቀድሞው አንዴ በሜዳህ፣ አንዴ በተጋጣሚህ ሜዳ በሚባለው ሥርዓት አልተካሄደም። ክለቦቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰባስበው ለሳምንታት ይጫወቱ ነበር፤ ከዚያም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላው ከተማ ያመሩ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ተረኞቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ አዳማና ሐዋሳ ብቻ ቀሩ። መነሻው የኮሮና ወረርሽኝ ነው፤ በዚያ ማንም አስተዋይ ሰው አይከራከርም። ወረርሽኙ ሲያልፍ ግን ሥርዓቱ አብሮት አላለፈም። በአገራችን «ጊዜያዊ» የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው።

ውጤቱን እንመልከት። በ2013 ዓ.ም. ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ ዓመት አንድም የሊጉ ጨዋታ በጎንደር አልተካሄደም። የአፄ ፋሲለደስን ስታዲየም ሞልቶ ሲዘምር የኖረ ሕዝብ ቡድኑ የአገሪቱ ቁንጮ በሆነበት ዓመት አንዲት ጨዋታ እንኳ በደጁ አላየም። በዚያው ዓመት የእኔው ክለብ የኢትዮጵያ ቡና አጥቂ አቡበከር ናስር 29 ግቦችን አስቆጥሮ በአንድ የውድድር ዘመን የተመዘገበውን የግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቡናን ስከተል የኖርሁ ሰው ከእነዚያ ግቦች አብዛኞቹን ያየሁት በቴሌቪዥን መስኮት ነው። ተጫዋቹም ብዙ ሳይቆይ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፤ መሄዱ ይገባዋል። እኛ ግን ሳንጠግበው ሄደ።

የትግራይን ክለቦች ደግሞ አስቡ። መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም. የሊጉ ባለ ድል ነበረ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መቐለ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ከሊጉ ተለዩ። በ2017 ዓ.ም. ሦስቱም ወደ ሊጉ ተመለሱ። ይህ ሁላችንም ደስ ሊለን የሚገባ ነገር ነበር፤ ደስም ብሎናል። ነገር ግን የመቐለ ደጋፊ ቡድኑ ወደ ሊጉ መመለሱን ሰማ እንጂ ወደ ከተማው መመለሱን አላየም።

ሥርዓቱን የሚሟገቱለት ሰዎች የሚያነሧቸው ምክንያቶች አሉ። ቀዳሚው ጸጥታ ነው። ይህን ምክንያት ማቃለል አልፈልግም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በየሜዳው ድንጋይ ሲወረወር፣ የክለብ ፉክክር የብሔር ጠብ ልብስ ለብሶ ሲመጣ አይተናል። ግን ያን ልብስ ለኳሱ ያለበሰው ማን ነበር? ቆሎውን በኪሱ ይዞ፣ ሻርፑን በአንገቱ ጠምጥሞ ከረፋዱ ጀምሮ የተሰለፈው ደጋፊ ነው? ወይስ ክለቡን የክልሉና የዞኑ ሰንደቅ አድርጎ፣ በቦርዱ ላይ ሹማምንቱን አስቀምጦ፣ ድሉን እንደ ፖለቲካ ድል ያስጨፈረው ወገን? «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ማለት ይህ ነው። ጠቡን የጠመቀው ወንበሩ ላይ እንዳለ ነው፤ ከሜዳው የተባረረው ተመልካቹ ነው። ደግሞስ ጎንደሬው ሶዶ ሄዶ፣ የሶዶው ጎንደር ሄዶ፣ አብረው ሻይ ጠጥተው፣ ተሰዳድበውም ቢሆን በሰላም የሚመለሱበት አጋጣሚ ከጠፋ እርስ በርስ የምንተዋወቀው በምንድን ነው? በፌስቡክ?

ሁለተኛው ምክንያት ቴሌቪዥን ነው። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከደቡብ አፍሪካው መልቲቾይስ ጋር ለአምስት ዓመት የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ገባ። ለእግር ኳሳችን ትልቅ እመርታ ነበር፤ የሊጋችን ጨዋታዎች በጥሩ ካሜራ ሲታዩ ልቤ አልሞቀም አልልም። ለአስተላላፊው ካሜራውን በአንድ ሜዳ ተክሎ መቀመጡ እንደሚቀልና እንደሚረክስም ይገባኛል። ይሁን እንጂ ባዶ ወንበር ፊት የሚካሄድ ጨዋታ ለቴሌቪዥንም ቢሆን ምን ዓይነት ሸቀጥ ነው? ሐዋሳ ላይ ሁለት የሩቅ አገር ቡድኖች በሥራ ቀን ከቀትር በኋላ ሲጋጠሙ ሊመለከት የሚመጣው የሐዋሳ ሰው ስንት ነው? ከሁሉ የሚብሰው ግን ይህ ነው፦ የአርባ ምንጩ ነዋሪ በግብሩ ቡድኑን ያቆማል፤ ያቆመውን ቡድን ለማየት ደግሞ ለዲኤስቲቪ ወርኃዊ ክፍያ ይከፍል ነበር፤ ወይም የዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ የመቀመጫ ይከፍል ነበር።

ወደ ገንዘቡ ከመጣን ዘንድ ጥቂት እንቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። ከጥቂቶቹ በቀር ክለቦቻችን የሚኖሩት በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ወይ በከተማና በዞን አስተዳደር በጀት፣ ወይ በመንግሥት ድርጅት ኪስ። ያ ገንዘብ የውኃ መስመርና የትምህርት ቤት ወንበር ከሚገዛበት ካዝና የሚወጣ ነው። ቀድሞ ቢያንስ የጨዋታው ቀን ለከተማው የሚተርፍ ነገር ነበረው፤ ትኬት ይሸጣል፣ ምግብ ቤቱ ይሞላል፣ ባጃጁ ይሠራል፣ ሻርፕ ሻጩና ቆሎ አዟሪዋ የዕለት ጉርሳቸውን ያገኛሉ። ቡድኑ በሌላ ከተማ ሆቴል ለሳምንታት ሲቀመጥ ግን የአልጋው፣ የምግቡና የውሎ አበሉ ብር ከቤት ወጥቶ እዚያው ይቀራል። የድሃ ከተማ በጀት የአስተናጋጁን ከተማ ሆቴል ይቀልባል።

ደመወዙስ? በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጅቶ ነበር። (የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ በዚያን ጊዜ ስንት ነበር ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር እኔን ይለፈኝ።) ጣሪያው ከተሠራ ማግሥት ጀምሮ ስለ ጎን ክፍያ ያልተወራበት ክረምት የለም። በተጫዋቹ አልፈርድም፤ የሙያ ዕድሜው አጭር ነው፣ ውሉም ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት አያልፍም፣ ደመወዙም ወራት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የምፈርደው ከታዳጊ ቡድንና ከልምምድ ሜዳ ይልቅ በየክረምቱ አዲስ ቡድን መግዛትን እንደ ሥራ በሚቆጥረው አስተዳዳሪ ነው። የሚጠይቀው ደጋፊ በአጥር ግቢው ቢኖር እንዲህ አይዳፈርም ነበር።

ሥር የሌለው ክለብ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ሻምፒዮን ነበረ፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ ከሊጉ ወረደ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ አነሣ፤ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። የንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ዓ.ም. ከሊጉ ሲወርድ ፈረሰ፤ በኋላ እንደገና ተቋቋመና በ2016 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። በተከታዩ ዓመት ዋንጫው ወደ ኢትዮጵያ መድን ሄደ። ለሁለቱም ተጫዋቾችና አሠልጣኞች ክብር ይገባቸዋል፤ በሜዳ ያገኙትን ማንም አይነጥቃቸውም። ነገር ግን በአንድ የሥራ አመራር ስብሰባ ሊፈርስ፣ በሌላ ስብሰባ ሊነሣ የሚችል ነገር ክለብ ነው ወይስ የበጀት መደብ?

አንዳንድ የተማሩ ወዳጆቼ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። የአርሴናልን ተቀያሪ ተጫዋቾች ስም ከነአባታቸው ያውቃሉ፤ የወላይታ ዲቻን በረኛ ግን አያውቁም። ወላይታ ዲቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ላይ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣ ክለብ መሆኑን ስነግራቸው ቀልድ ይመስላቸዋል። በአውሮፓ ኳስ የሚደሰተውን አልነቅፍም፣ እኔም አያለሁ። ግን የለንደኑ ክለብ የሚያምርባቸው ሰፈርና ሜዳ ስላለው፣ አያት ለልጅ ልጅ ወንበር የሚያወርስበት ቤት ስላለው መሆኑን ልብ አይሉም። የሸገርን ደርቢ ከሸገር ውጭ እያጫወትን፣ አንድ ልጅ አባቱ እጁን ይዞት ስታዲየም ሳይወስደው እያደገ፣ ኋላ «ወጣቱ ለአገር ውስጥ ኳስ ፍቅር የለውም» ብሎ ማማረር ምን የሚሉት ሐዘን ነው?

የሜዳዎቻችን ጥራት ጉድለት እውነት ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበት የ2014 ዓ.ም. «የሜዳችን» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ለሆቴልና ለውሎ አበል የሚወጣው ብር ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ሣርና የመጸዳጃ ክፍል አይገዛም ነበር ወይ? ሁሉም ከተማ ባንድ ጊዜ ይሁን አላልሁም። ሜዳው ብቁ የሆነና ጸጥታውን የሚያስከብር ከተማ ቀድሞ ጨዋታውን ያስተናግድ፤ ያልቻለው እስኪችል በአቅራቢያው ይጫወት። የክለቡ ሒሳብ ደግሞ እንደ ማንኛውም የሕዝብ ገንዘብ ተመርምሮ ይፋ ይውጣ፤ በቦርዱም ደጋፊው የመረጣቸው ሰዎች ይቀመጡ።

የከተማና የዞን ምክር ቤቶች በየዓመቱ በጀት ያጸድቃሉ፤ ለእግር ኳስ ክለቡ የሚመደበውም ብር በእጅ ብልጫ ያልፋል። እጁን ከማንሣቱ በፊት አንድ የምክር ቤት አባል እንኳ ተነሥቶ ይህን ቢጠይቅ እወድ ነበር፦ ክቡር ከንቲባ፣ ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት ቡድናችን በገዛ ሜዳችን ስንት የሊግ ጨዋታ አደረገ?