የገበሬው መሣሪያ ጠጋኝ ወዴት አለ?

በሀድያና በከምባታ አገር የበልግ ዝናብ ከየካቲት እኩሌታ በኋላ ይጀምርና እስከ ግንቦት ድረስ አንድ ጊዜ እየሰጠ አንድ ጊዜ እየነሣ ይቆያል። በቆሎው፣ ድንቹና ቦሎቄው የሚዘራው በዚህ ጊዜ ነው። የሆሳዕና ከተማ ስሟን ያገኘችው ከሆሳዕና በዓል እንደ ሆነ ይነገራል፤ በዓሉም በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ስለሚውል፥ ከተማዪቱ የምትጠራው ገበሬው እጅግ በሚቸኩልበት ወራት ስም ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ስለዚሁ ገበሬ በየስብሰባው የሚሰማው ንግግር ነው። ንግግሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ገበሬአችን በኋላ ቀር መሣሪያ ስለሚያርስ ምርቱ አነሰ፤ ትራክተር ሲመጣለት ችግሩ ሁሉ ይወገዳል» ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ከዚያም ሰው ሁሉ ወደ ምሳው ይሄዳል። እኛ ግን ይህን አነጋገር አንቀበለውም። ለገበሬው ዋና መከራ የሆነበት፥ መሣሪያው ሲያረጅና ሲሰበር የሚጠግንለት ሰውና የሚጠገንበት ስፍራ ማጣቱ ነው። ይህም ለእንጨቱ ማረሻ እንደ ሆነ ሁሉ ለትራክተሩም እንዲሁ ነው።

አስቀድመን የማረሻውን ነገር እንመልከት። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉ፣ ድግሩ፣ ወገሉና ማረሻው ተገጣጥመው የሚሠሩት ይህ መሣሪያ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞት ወደ እርሻው የሚወርድ ቀላል ዕቃ ነው። ዋናዎቹ ብረቶች ማረሻውና ወገሉ ናቸው፤ የቀረው እንጨትና ጠፍር ነው። ገበሬው ራሱ ይጠርበዋል፤ ራሱ ይፈታዋል፤ ራሱ ይገጥመዋል። ይህን ያህል ዘመን መቆየቱም በከንቱ አይደለም። ጉድለቱ ደግሞ የታወቀ ነው። አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ትልሙ ወደ ታች የሾለ ስለ ሆነ በሁለት ትልም መካከል ያልተነካ አፈር ይቀራል፤ ስለዚህ መሬቱን በመስቀለኛ ደጋግሞ ማረስ ግድ ነው። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ሦስትና አራት ጊዜ፥ አንዳንዴም አምስት ጊዜ ይታረሳል።

እንግዲህ የማረሻው ጫፍ ተበልቶ ሲያጥርና ሲደነዝዝ ምን እንደሚሆን አንባቢ ያስብ። ትልሙ ጥልቀት ያጣል፤ በሬዎቹ ይደክማሉ፤ ሁለት ጊዜ ታርሶ ይበቃ የነበረው መሬት ሦስተኛ እርሻ ይጠይቃል። የበሬውም ነገር ራሱን የቻለ መከራ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋራ መቀናጆ ገብቶ ዛሬ ለራሱ ነገ ለባልንጀራው ያርሳል። በመቀናጆ የተገኘች ቀን በደነዘዘ ማረሻ ከባከነች ተመልሳ የምትገኘው የጎረቤት ተራ ካለፈ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ተራ የሚባል ነገር አያውቅም። ዘግይቶ የተተከለ ድንች ዘግይቶ ይወጣል፤ በዚያው ማሳ ላይ ለክረምቱ ስንዴ ወይም ጤፍ መታረስ የሚገባው መሬትም ሳይታረስ ይቆያል። የብዙው ቤተሰብ መሬት ከአንድ ሄክታር በታች በሆነበት አገር፥ ከአንዱ ማሳ የጎደለውን የሚተካ ሌላ ማሳ የለም።

ማረሻውን በእሳት አግሎ፣ ጫፉን ቀጥቅጦና አስልቶ የሚመልሰው ባለ ወናፉ ብረት ሠሪ ነው። ይህ ሰው በመካከላችን እንዴት ይኖራል? ገበሬው ያለ እርሱ አያርስም፤ ነገር ግን ልጁን ለልጁ አይድርለትም። በሀድያና በከምባታ፥ እንዲሁም በሌላው ያገራችን ክፍል፥ ሸክላ፣ እንጨትና ብረት የሚሠሩ ወገኖች በንቀት ስም ሲጠሩና ከጉርብትና ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሥራው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ዛሬም በገበያ ላይ ይሰማል። እንዲያውም አንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ሳለ የተማረውን ስድብ ትምህርት ቤት ይዞት ይገባና ሳያራግፈው ይወጣል። (መምህራን ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።) የብረት ሠሪው ልጅ የአባቱን ወናፍ ጥሎ ወደ ከተማ ቢሄድ ማን ሊፈርድበት ይችላል? ወናፉ በቀዘቀዘበት ቀበሌ ያለው ገበሬ የደነዘዘውን ብረት ተሸክሞ ሩቅ ገበያ ድረስ ይሄዳል፤ አንድ የእርሻ ቀንም በመንገድ ያልቃል።

የእንሰቱን መሣሪያ ነገር ደግሞ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም። እንሰት የሚተከለው በዶማ ተቆፍሮ ነው፤ የሚቆረጠውም በቢላዋ ነው። የእንሰት አጠውልግ የተባለው በሽታ ምክንያቱ ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1960 ዓ.ም. ገልጠው ጽፈዋል፤ በሽታው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የተበከለ ቢላዋና ዶማ እንደ ሆነም ታውቋል። ከአንድ ተክል ወደ ሌላው ከመሸጋገር በፊት መሣሪያውን በእሳት መለብለብ ይገባል ተብሎ ይመከራል። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን አንዱ ቢላዋ ለሦስት ቤት በውሰት የሚዞር ከሆነ፥ እጀታውም በጨርቅ ታስሮ የሚሠራ ከሆነ፥ እሳቱን ማን በየጓሮው ያነድዳል? መሣሪያ ማጣት እዚህ ላይ የድካም ነገር መሆኑ ይቀርና የቤተሰቡን የዓመታት ስንቅ የሚያደርቅ ነገር ይሆናል።

«ስለዚህ አይደለም ወይ ትራክተር ያስፈልጋል የምንለው?» የሚለን ይኖራል። ትራክተርን አንጠላም፤ ታሪኩን ግን እናስታውሳለን። በ1960 ዓ.ም. በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፥ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ለከምባታ ጎረቤት በሆነው በወላይታ ተመሳሳይ ድርጅት ሥራ ጀመረ። በጭላሎ የሚያርሰውን ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለማቅረብ ብዙ ተደክሟል፤ ይሁን እንጂ ትራክተሩ ሲበዛ የጥቅሙ ተካፋይ የሆነው ባለርስቱ ነበርና ብዙ ጭሰኛ ከመሬቱ ተነቀለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ካደረገ በኋላ ያ ዓይነቱ መፈናቀል ቀረ፤ በደርግም ዘመን በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቋመ። መገጣጠም ግን አንድ ነገር ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ በጭቃ ውስጥ የቆመውን ማስነሣት ሌላ ነው።

የትራክተር ኪራይ በሚጠበቅበት ቀበሌ ነገሩ እንዲህ ነው። ገበሬዎቹ ገንዘባቸውን አዋጥተው ተራ ይዘዋል። ኩሽኔታው ይሰበራል፤ ወይም የናፍጣው ፖምፓ ይደክማል። መካኒኩ የሚገኘው በሆሳዕና ነው፤ ዕቃው ከሆሳዕና ከጠፋ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይፈለጋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆኗልና፥ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ዋጋ ለባለ ትራክተሩም ያስፈራል። እርሱም ከአሮጌ ትራክተር ፈትቶ አሮጌ ዕቃ ይገጥማል። ሳምንት ሲያልፍ ገበሬው ወደ በሬውና ወደ ደነዘዘው ማረሻ ይመለሳል። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ያለ ቀረጥ እንዲገቡ መፍቀዱ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ነገር ግን የዚህ በረከት መለኪያው በመለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ ያለው ዋጋ እንጂ በወደብ የተራገፈው ትራክተር ቁጥር አይደለም።

ሌሎች ደግሞ፥ ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰዶ ስላለቀ የሚያርስ የለም ይላሉ። መሰደዱ እውነት ነው፤ በሆሳዕናም ከዚያ በመጣ ገንዘብ የተሠራ ፎቅ አለ። ሆኖም የቀሩት አባቶችና እናቶች በጎበዝ ጉልበት ይደረግ የነበረውን በደከመ ክንድ ሲያደርጉ ስለታም መሣሪያ ይበልጥ እንጂ ያነሰ አያሻቸውም።

የሚደረገው ነገር ሩቅ አይደለም። ዶክተር መለሰ ተመስገን የነባሩን ማረሻ ጉድለት አጥንተው፥ ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር የሚያጠነፍፍ፣ አይባር የተባለ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠርተዋል። የመልካሳ ምርምር ማዕከልም በእርሻ መሣሪያ ላይ ሲመራመር ቆይቷል። በሆሳዕና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዱራሜም ቅጥር ግቢ አለው፤ የሙያ ኮሌጅም በከተማው አለ። በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ደግሞ ሆሳዕና ራሷ ናት። አዋቂው፣ ተማሪውና ባለሥልጣኑ በአንድ ከተማ እየኖሩ ገበሬው ወናፍ ፍለጋ ሲዞር ማየት ያሳፍራል።

ስለዚህ ለባለሥልጣኖቻችን የምናቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በየወረዳው ለምርቃት ከሚቆረጠው ሪባን ዋጋ ጥቂቱ ተቀንሶ አንድ የመጠገኛ ቤት ይቁም፤ የብየዳ መሣሪያ፣ መሞረጃና ጥቂት የመለዋወጫ ዕቃ ይኑረው። ነባሩ ብረት ሠሪ በዚያ ቤት አስተማሪ ተብሎ ደመወዝ ይቆረጥለት፤ የኮሌጁም ተማሪ ብየዳውን ሲያሳየው ከእርሱ ደግሞ ብረት ማሳልን ይማር። ባለ ትራክተሩ መኪናውን በጥቅምትና በኅዳር ያስመርምር፤ ገበሬውም ማረሻውን፣ ዶማውንና ቢላዋውን በታኅሣሥና በጥር ያምጣ። ዝናብ ከጣለ በኋላ የሚከፈት የመጠገኛ ቤት ለሚመጣው ዓመት ካልሆነ አይጠቅምም፤ ስለዚህ የዚህ ሥራ በጀት ከመስከረም በፊት ይፈቀድ።