መኝታ ቤታችንን ለማን ነው የምናስጌጠው?

ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ሰባት ፎቶ ደርድራ ላከችልኝ። ከስሩ እንዲህ ብላለች፦ «ቲቸር፣ ልናገባ ነው። እዚሁ ቢሾፍቱ ሁለት ክፍል ተከራይተናል። መኝታ ቤቱን እንደዚህ ኤክሌክቲክ ላደርገው ፈልጌ ዋጋ ስጠይቅ ደነገጥኩ። ከነዚህ የቱን ልምረጥ?»

ፎቶዎቹ ከኢንተርኔት የተለቀሙ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት፣ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል ትራስ፣ በእጅ የተሠራ የአልጋ ልብስ፣ የሸክላ ማሰሮ። አምስተኛው ፎቶ ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። በአልጋው ግርጌ አሮጌ የእንጨት ሳጥን አለ፤ ቀለሙ የተላላጠ፣ ማዕዘኑ በቆርቆሮ የታሰረ። ቁርጥ የእናቴን ሳጥን! እኔ ነኝ ለልዋጭ የሰጠሁት።

ታሪኩ አጭር ነው። ሳገባ ለመኝታ ቤታችን ሙሉ ዕቃ ገዛሁ። አልጋ፣ ሁለት ኮመዲኖ፣ ባለመስታወት ጠረጴዛ፣ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን፤ ሁሉም አንድ ቀለም፣ ሁሉም ኤምዲኤፍ። የዕቁቡ ብር አልበቃ ብሎ ብድር ተጨመረበት። ቁም ሳጥኑ ቦታ ሲያጣ እማዬ ለሠርጌ የሰጠችኝን ሳጥን በረንዳ ላይ አወጣሁት። እዚያው ዝናብ ሲመታው ከረመ። አንድ ቀን ጠዋት «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳጥኑ በሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ተለወጠ።

እማዬ ለፋሲካ ስትመጣ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «ጎሽ፣ ሰፋ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ያቺ «ሰፋ» እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። ሳፋዎቹ ተሰንጥቀው ተጥለዋል። ቁም ሳጥኑም ወለሉ በታጠበ ቁጥር ከስር ውሃ እየጠጣ አበጠና በሁለተኛው ክረምት በሩ አልዘጋ አለ። ብድሩ ግን ገና ነበር።

ስለዚህ ለልጅቷ የመለስኩላትን ለሁላችሁም ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ቃሉ አያስፈራችሁ። ኤክሌክቲክ በቀላል አማርኛ ቅይጥ ማለት ነው። ካንድ ሱቅ፣ ካንድ ዘመን፣ ካንድ አገር ብቻ ያልመጣ ዕቃ ባንድ ክፍል ውስጥ ተስማምቶ ሲኖር ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ሥሩ «መምረጥ» ነው። ልብ በሉ፣ መግዛት አይደለም፤ መምረጥ ነው። ለመምረጥ ደግሞ መጀመሪያ ያለንን ማየት አለብን።

ደግሞስ ብዙዎቻችን ያደግንበት ቤት ምን ነበር? የሽቦ አልጋ፣ ከላዩ ባና፣ ሬዲዮው ላይ እህቶቻችን የሠሩት ዳንቴል። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ወይም የመካ ፎቶ፣ ከጎኑ የኳስ ተጫዋች ፖስተር። ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ግድግዳው ጋዜጣ የተለጠፈበት። እኔ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ማንበብ የለመድኩት አልጋ ላይ ተጋድሜ ያንን ግድግዳ ሳነብ ነው፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ከተለጠፈ አንገቴን እያጣመምኩ። ያ ሁሉ ቅይጥ ነበር። ስም አላወጣንለትም እንጂ።

«ያማ ድህነት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ሐረር ጁገል እንሂድ። የድሮ የሐረሪ ቤት ስትገቡ በቀይ የተቀቡ መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ይቀበሏችኋል። ግድግዳው ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ። የቤቱ ሴቶች በእጃቸው የሰፉት ስፌት፣ በንግድ ከውጭ ከገባ አበባ ካለበት የብረት ሳህን ጋር ጎን ለጎን ተሰቅሎ ታያላችሁ። ያ ቤት በድህነት አይደለም የተቀየጠው። ከሩቅ የመጣውን ሲቀበል የራሱን አልጣለም።

ወይም አዲስ አበባ፣ ቪላ አልፋን አስቡ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ለንደን የተማሩ፣ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን ግዙፍ ባለቀለም መስታወት የሠሩ ሰው ናቸው። ከፈለጉ ለንደን ያዩትን ቤት መድገም ይችሉ ነበር። ራሳቸው ነድፈው ያሠሩት ቤታቸው ግን ከአክሱምም ከጎንደርም ከሐረርም የወሰደ ነው።

መካኒሳ ደግሞ ዞማ ሙዚየም አለ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. የከፈቱት ነው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ እኛ «ደረጃው ዝቅ ያለ» የምንለው ያው ጭቃ፣ በእጅ ቅርፅ ወጥቶለት። ኤልያስ የሥዕል ሥራዎቹን የሚሠራው ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከአሮጌ የኮምፒውተር ቁልፎች፣ ከልብስ ቁልፍ ነው። ልዋጭ ከኛ በር ሰብስቦ ከሚሄደው ብዙም የራቀ አይደለም። እዚሁ በስምጥ ሸለቆው ብንቆይ እንኳ፣ ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ሀላባን አስቡ። ሰው የጭቃ ቤቱን ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም በሥዕል የሚያስጌጥበት አገር ነው። ማንም ካታሎግ አልሰጣቸውም።

አሁን ወደኛው ከተማ ልመለስ። እኛ የምንኖረው በሪዞርት ከተማ ነው። ወጣቶቻችን ለሠርግ፣ ለስብሰባ፣ ለሥራ ይገባሉ፤ አልጋው ላይ በፎጣ የተሠራ ወፍና የአበባ ቅጠል ያያሉ፤ «የኔም መኝታ ቤት እንዲህ ይሁን» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። ግን ቀና ብላችሁ ግድግዳውን አይታችሁታል? ብዙዎቹ ጋ ሰፌድ ነው። መሶብ ነው። ጥቁር ድንጋይና የሣር ክዳን ነው። እኛ በሳፋ የለወጥነውን እነሱ ግድግዳ ላይ ሰቅለው በአዳር ያከራዩናል። እነሱ ነጋዴ ናቸው፤ ያተርፉበት። የሚገርመኝ የኛ ነው።

ለምን እንዲህ ሆንን? የኔ ግምት ይኼ ነው፦ መኝታ ቤታችንን የምናስጌጠው ለሌላ ሰው ዓይን ነው። ሳሎን ይሁን፤ እንግዳ ይገባበታል፣ ቡፌው ለእንግዳ ነው። መኝታ ቤት ግን እንግዳ የማይገባበት ክፍል ነው። ታመን የምንተኛበት፣ ከባለቤታችን ጋር ተኳርፈን የምንታረቅበት፣ ሕፃን የምናስተኛበት ክፍል ነው። ማንም ለማያየው ክፍል ማንም እንዲያይልን ብለን ብድር እንገባለን። ከሠርጉ በፊት ዘመድ መጥቶ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ እንዲዘጋ። ከዚያም ቲክቶክ ላይ እንዲለጠፍ። ትዳር ሲጀመር ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ዕዳ የሌለበት እንቅልፍ ነው፤ እኔ ያንን እንቅልፍ ነው በአንድ ቀለም ቁም ሳጥን የለወጥኩት።

«ታዲያ ያገኘነውን ሁሉ እንከምር?» አይደለም። ቅይጥና ዝብርቅርቅ አንድ አይደሉም። እናቶቻችን በርበሬ ሲያዘጋጁ ኮረሪማ ይገባል፣ ዝንጅብል ይገባል፣ ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ ይገባል። ጓዳ ውስጥ ያለ ሁሉ ግን አይገባም። እኔ ከራሴ ስህተትና ከባለቤቴ ዓይን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንድ፦ ከአንድ ዕቃ ጀምሩ። ታሪኩን የምታውቁት ይሁን። የአያት ዝተት፣ የእናት ነጠላ፣ የወተት ጮጮ። ቀለማችሁን ከሱ ውሰዱ። የነጠላው ጥለት አረንጓዴና ወርቃማ ከሆነ እነዚያን ሁለቱን ትራሱ ላይ፣ መጋረጃው ላይና አንድ ትንሽ ዕቃ ላይ ድገሟቸው። ዓይን አንድ ቀለም ሁለት ሦስት ቦታ ሲያገኝ የማይዛመዱትን ዕቃዎች ያዛምዳቸዋል።

ሁለት፦ አንድ ነገር ብቻ ይጉላ። ክፍላችን ጠባብ ነው፤ አልጋው ብቻውን ግማሹን ይይዛል። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስፌት ከሰቀላችሁ የአልጋ ልብሱ ዝም ያለ ይሁን። አንዱን ግድግዳ ባዶ ተዉት፤ ለመቆጠብ ሳይሆን ዓይን እንዲያርፍበት።

ሦስት፦ መብራት። ኮርኒሱ ላይ ያለ ኃይለኛ ነጭ አምፖል የትኛውንም ክፍል ክሊኒክ ያስመስለዋል። ኮመዲኖው ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ደከም ያለ መብራት ይበቃል። ስፌት ገልብጣችሁ የመብራት ሽፋን የምታደርጉ ከሆነ ግን የማይግለውን ኤልኢዲ ተጠቀሙ፤ የድሮው አምፖል ይግላል፣ ስንደዶ ደግሞ ሣር ነው።

አራት፦ አከራያችን ሚስማር አያስመታም የምትሉ፣ አውቃለሁ፤ እኔም ተከራይ ነኝ። ከመጋረጃው ብረት ላይ በክር አንጠልጥሉ፣ ወይም ሰፌዱን ጠረጴዛ ላይ ግድግዳ አስደግፋችሁ አቁሙ። ቤት በለወጣችሁ ቁጥር አብሮ የሚሄደው ይኼ ነው፤ ጂፕሰሙ ለአከራዩ ይቀራል።

አምስት፦ አሮጌ እንጨት ስታስገቡ ትኋን እንዳታስገቡ። ፀሐይ ላይ አውጡት፣ በየስንጥቁ የፈላ ውሃ አፍሱበት፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ስንጥቁን ድፈኑት። የጭቃ ቤት ቁንጫ የበላው ሰው ናፍቆት ብቻ አይበቃውም። ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም።

ስድስት፦ አጎበሩን ለፎቶ ብላችሁ አታውርዱት። ወባ ባለበት አገር ነው የምንኖረው። ነጭ አጎበር ከመሐል ተሰብስቦ ሲወርድ ሪዞርቶቹም ለጌጥ ይሰቅሉታል።

አንድ ነገር ደግሞ ላንሳ። ከመጀመሪያዎቹ ጎራ የሚወጡ ሰዎች ወዲያው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፤ መኝታ ቤቱን የባህል ምግብ ቤት ያስመስሉታል። አራት መሶብ፣ ሁለት ማሲንቆ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥለት። ይኼም ለሌላ ሰው ዓይን ነው። ሙዳይ ከሰቀልሽው ጌጥ ነው፤ የጆሮ ጉትቻሽን ካስቀመጥሽበት ግን ሙዳይ ነው። ዕቃው ቢሠራ ይሻለዋል። ኤምዲኤፍም ኃጢአት አይደለም፤ አቅም የፈቀደውን መግዛት ነው። ከአያት ዝተት አጠገብ የኤምዲኤፍ ኮመዲኖ ቢቆም ምንም አይሆንም፤ ቅይጥ ማለት እኮ ይኼው ነው። ጥፋቱ ኤምዲኤፉን ለማስገባት ሌላውን ሁሉ ማስወጣት ነው።

ይህንን ሁሉ በአጭሩ ለልጅቷ ጻፍኩላትና «ከሰባቱ ፎቶ አንዱንም አትምረጪ። መጀመሪያ እናትሽም የእጮኛሽ እናትም ቤት ሂዱና ከአልጋ ሥር ያለውን እዩ» አልኳት። በማግስቱ መለሰች፦ «ቲቸር፣ የአያቴ ዝተት ተገኘ። ግን ድመቷ ናት የምትተኛበት።»

«እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ድመቷን ይቅርታ ጠይቂያት» ብያታለሁ።

እኔ ሳጥኑን አልመልሰውም። እማዬ ባለፈው ስትመጣ ግን አንድ ሙዳይ ይዛልኝ መጣች፤ እሷ ልጅ ሆና የሰፋችው ነው፣ ክዳኑ ትንሽ ተጣሟል። ኮመዲኖው ላይ አስቀምጬዋለሁ። የቤቱን ቁልፍና የልጄን የክትባት ካርድ እይዝበታለሁ። አየችውና «ይኼንንስ መቼ ነው የምትለውጠው?» አለችኝ። ስቀን ዝም አልን።

እስኪ እናንተም ከአልጋ ሥር፣ ከቆጥ ላይ ያገኛችሁትን ዕቃ ፎቶ ኮመንት ላይ ለጥፉልን። አዲስ የተገዛ አይፈቀድም። ልዋጭ በራችሁ ሲጣራ ደግሞ ቢያንስ እናታችሁን ጠይቃችሁ ውጡ።